ከስድስት ሰከንድ በላይ የቆመ መስመር

ደምያት፣ ኦክቶበር 9 ቀን 2016

ለወንድሜ ልጅ ለናዚህ ተውፊቅ፤ አማን

የአላህ ሰላም ካለህበት ቤት ድረስ ይግባልህ፤ ከነሚስትህ ከነልጆችህ በእዝነቱ ያኑርህ። እኔን ከጠየቅህ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ወንበር ስቀባ ነው የሚያመኝ፤ ዳክዬ ስበላ ምንም አይለኝም።

"አክስቴ በስልክ ለምን አይጽፉልኝም?" ብለሃል አሉ። ልጄ፣ ያ ትኩሳት በሰባት ዓመቴ ጆሮዬን ከወሰደው ወዲህ ሰው ሁሉ ነገር አሳጥሮ ነው የሚነግረኝ። ቤት ሙሉ ሰው ሩብ ሰዓት ሲስቅ ይቆይና "ምን ተባለ?" ብዬ በእጄ ስጠይቅ "ምንም፣ ስለ አናጺው ስለ ሚትወሊ ነው" ይሉኛል። አሁን ደግሞ እኔው ራሴ በሁለት ቃል ልጻፍ? ደብዳቤ ይሻለኛል፤ በደብዳቤ ማንም አያቋርጠኝም።

አባትህ ከሞተ ዘጠኝ ወር ሞላው። ሐሙስ ሐሙስ መቃብሩ ድረስ እየሄድኩ ፋቲሓ እቀራለታለሁ። አሁን የምጽፍልህ ለሌላ ጉዳይ ነው። አምና ክረምት አንድ ከመንሱራ የመጣ እንጨት ነጋዴ አባትህ እንጨት ሲቀርጽ በቪዲዮ አንስቶት ኖሮ፣ ሰሞኑን ለእህትህ ለሰሚራ ላከላት። አርባ ደቂቃ ሙሉ! እናትህና ሰሚራ ግን ድምፁን መስማት አልቻሉም። ገና "ቢስሚላህ" ሲል ለቅሶ ጀመሩና ዘጉት። እኔ የሚያስለቅስ ድምፅ የለብኝም፤ ብቻዬን ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አየሁት። ምን ዋጋ አለው? አጎንብሶ መሮውን እያየ ነው የሚያወራው። ያ ጢሙ ደግሞ በሕይወት እያለም አፉን ይጋርድብኝ ነበር፤ "ተላጭ" እያልኩት ስንት ጊዜ ተጣልተናል!

አንተ ለባዕድ ፊልም ሁሉ የግርጌ ጽሑፍ ስትሠራ የምትውል ሰው፣ ለአባትህ አንድ አትሠራም? ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። በየሳምንቱ እጄን ይዞ ሲኒማ ይወስደኝ ነበር፤ ከስሩ ጽሑፍ ስላለው፣ የውጭ ፊልም ብቻ ነበር የምናየው። እናትህ እጮኛው ሳለች በዚህ ቀንታ አኩርፋ ታውቃለች፤ ጠይቃት። እባክህ ያለውን ሁሉ ጻፍልኝ። ሲያስል እንኳ "አሳለ" በልልኝ።

ፋይሉን ሰሚራ በኢንተርኔት ትልክልሃለች።

የአባትህ እህት ወጊዳ

*

አማን፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2016

ለውድ አክስቴ ለወጊዳ

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ጸሎትዎ አይለየኝ። ልጆቹ እጅዎን ይስማሉ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልል እርስዎን መዋሸት አልወድም። አባቴን እያየሁ መሥራት ከብዶኝ ነው። አምስት ደቂቃ ሠርቼ ተነስቼ እሄዳለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ቪዲዮውን ለአንድ ፕሮግራም እሰጠዋለሁ፤ እሱ አድምጦ የሰማውን ይጽፋል። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ንግግሩ በስንት ደቂቃ ከስንት ሰከንድ እንደተጀመረና እንዳለቀ ያስቀምጣል። ጉድ እኮ ነው! መጋዙ ሲጮህ "ሙዚቃ" ብሎ ጻፈው። የደምያት አነጋገር ደግሞ ጨርሶ አይገባውም፤ አባቴ ስለ ዳክዬ በሽንኩርት አሞላል ሲያወሩ ጦርነት የሚያውጁ አድርጎ አቀረባቸው። ስለዚህ በእጄ አንድ በአንድ ሠራሁት። መስመሩ አፋቸው ሲከፈት ይወጣል፣ ሲዘጋ ይጠፋል።

የሙያችንን ሕግ ልንገርዎትና በኋላ አይቆጡኝ። ጽሑፍ ከሁለት መስመር አይበልጥም። አንዱ ጽሑፍ ከስድስት ሰከንድ በላይ አይቆምም፤ ከቆመ ሰው እንደገና ማንበብ ይጀምራል። ማንም በማይናገርበት ቦታ ምንም አይጻፍም። ንግግር ከዓይን ሲፈጥን ደግሞ እናሳጥራለን። አልፎ አልፎ አሳጥሬያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

የጽሑፉና የቪዲዮው ፋይል ስማቸው አንድ ዓይነት ነው፤ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጡ። ስሙን እንዳይነኩት።

ጉልበትዎን የሚያሞቅ የሱፍ ማሰሪያ ልኬያለሁ።

ልጅዎ ናዚህ

*

ደምያት፣ ዲሴምበር 15 ቀን 2016

ለናዚህ

እንደላክህልኝ አምላክ ይላክልህ ልጄ፤ ማሰሪያው ደረሰኝ። ልኬ ነው፣ ግን ትንሽ ያሳክካል።

ስሙን እንዳትነኪ አልከኝ፤ እኔ ደግሞ ነካሁት። በምን አውቄ! ቪዲዮው ላይ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት ሳይ "ወንድሜ ቁጥር ነው እንዴ? እስረኛ ነው?" ብዬ "ተውፊቅ" አልኩት። ጽሑፉ ጥፍት! ሁለት ቀን ሙሉ አንተን ስረግም ሰነበትኩ። ኋላ ሰሚራ መጥታ ጽሑፉንም "ተውፊቅ" ስትለው ተመለሰ። እርግማኑን አንስቻለሁ።

ናዚህ፣ ምን ብዬ ልንገርህ። ወንድሜ አወራኝ። ዋልነት የሚባለውን እንጨት ቢች ከሚባለው አሽትቶ እንደሚለየው፣ ሚትወሊ ጣቱን የቆረጠ ዕለት ደሙን ሳይሆን የተበላሸውን ወንበር አይቶ እንዳለቀሰ፣ ሁሉንም አነበብኩ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ምን ይላል? "ወጊዳ በቫርኒሽ ላይ ከኔ የተሻለ እጅ አላት፤ እንዳትኮራ ብዬ ነግሬያት አላውቅም።" የማይረባ! አርባ ዓመት ሙሉ እንጨቱን እሱ እየቀረጸ እኔ ስቀባ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ "ቆንጆ ነው" ብሎኝ አያውቅም። እየሳቅሁ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ "የድሮ ሰዎችን አላህ ይዘንላቸው" የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ከዚያ አይጠፋም። በግድግዳው ሰዓት ቆጠርኩት፤ ሃያ ሁለት ሰከንድ ይቆማል። አንተ ስድስት ብለኸኛል። የተውፊቅ ጢም ደግሞ በሙሉ ጊዜው ይንቀሳቀሳል። ፕሮግራሙ ተሳስቶ ይሆን? እስቲ እይልኝ።

አክስትህ ወጊዳ

*

አማን፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 2017

ለውድ አክስቴ

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ አላህ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅዎ። እዚህ ብርዱ አይጣል ነው። ትንሹ ልጄ ጥርሱ ወልቆ "ለሴት አያቴ ላኩላት" ብሎ አስቆን ነበር። እናቴ ደም ግፊቷን ትለካለች? ሰሚራስ ከባሏ ጋር ታረቀች?

ያ ያሉኝን ቦታ አየሁት። መጋዙ እየሠራ ስለሆነ ድምፃቸው ተሸፍኗል፤ ምንም አይሰማም። ለዚህ ነው የፊተኛውን መስመር ያስረዘምኩት። ባዶ ከሚሆን ብዬ ነው።

ሌላ የማሞቂያ ማሰሪያ ልላክ? የማያሳክክ ዓይነት አይቻለሁ።

ልጅዎ ናዚህ

*

ደምያት፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2017

ናዚህ

አላህ ልብህን ያቅናልህ። ሰላምታው ይኸው ነው።

እኔ ደንቆሮ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም። ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ መጋዙ አይሠራም። ድመቷ መጋዙ ጠረጴዛ ላይ፣ እጥርሱ አጠገብ ተጋድማ ተኝታለች! መጋዝ ሲዞር የሚተኛ ድመት ደምያት ውስጥ ካለ ንገረኝና ሄጄ ልየው።

ይህን ካየሁ በኋላ ያንን ቦታ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አልነግርህም። ከጢሙ ስር ሁለት ቃል ለቅሜያለሁ፤ "ሐኪም" እና "ሲኒማ"። የኔንም ስም ያለ ይመስለኛል። ሌላው አልታየኝ አለ፤ አንገቱን ደፍቷል።

ፊልም ውስጥ ሰው ደም ሥሩ ተገታትሮ ሲሳደብ ከስሩ "የተረገምክ!" ብላችሁ እንደምታልፉ አውቃለሁ። ፊቱን አያለሁ እኮ! እንዲህ የሚያስቆጣ ስድብ "የተረገምክ" ብቻ ነው? እያልኩ ስስቅባችሁ ኖሬያለሁ። የባዕድ ሰው ስለሆነ ግድ አልሰጠኝም። ይህ ግን ወንድሜ ነው። እኔን ስሜን ጠርቶ ያለውን ቃል አንተ ምን አግብቶህ ነው የምትውጠው?

ሰሚራን ጠየቅኋት፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሳትቆይ አውልቃ ጣለችው፤ ድምፁን አልቻለችም። ሌላ ሰው መለመን ደግሞ ሞቴ ነው። ነገር ግን ስማኝ፤ ረመዳን ሳይገባ ካልላክህልኝ ቪዲዮውን ለሐጅ ሚትወሊ አሰማዋለሁ። እሱ ጆሮ አለው። አፉ ግን መዝጊያ የለውም፤ በማግስቱ ገበያው ሁሉ ያወራዋል።

ወጊዳ

*

ደምያት፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2017

ናዚህ፣ ሁለት ወር አለፈ። ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ? አንተስ? ዝም አትበለኝ። ዝምታ ሌላውን ሰው ያስፈራዋል እንጂ እኔን አያስፈራኝም ብለህ እንዳይሆን። ያንተ ያስፈራኛል።

ረመዳን አንድ ወር ቀረው።

*

አማን፣ ሜይ 10 ቀን 2017

ለአክስቴ ለወጊዳ

የይቅርታ ባለቤት የሆነው አላህ በይቅርታው ያስበን። ከዚህ በላይ የምመኝልዎት የለኝም።

ዋሽቻለሁ። መጋዝም የለም፣ ጫጫታም የለም። አባቴ ጥርት አድርገው ነው የተናገሩት፤ ያ የማይረባ ፕሮግራም እንኳ አንድ ቃል ሳይስት የጻፈው ቦታ ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ሙሉውን ፋይል ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቪዲዮው ላይ ድንገት ከሚያገኙት ግን መጀመሪያ ከኔ እጅ ያንብቡት። የሚሉት ይህ ነው፤

31:04 — ወጊዳ በትኩሳት ስትነድ እናቴ "ሩጥ፣ ሐኪም ጥራ" ብላ ላከችኝ።

31:08 — አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ድልድዩ ጋ የሲኒማው በር ተከፍቷል።

31:12 — አንድ ጊዜ አየት አድርጌ ልሂድ ብዬ ገባሁ። እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።

31:16 — ሐኪሙ ቤት ስደርስ ወጥቷል። ማታ ነው የመጣው። ወዲያው ሄጄ አጣሁት ብዬ ዋሸሁ።

31:20 — ወጊዳ ይቅር ትበለኝ። ፊቷን እያየሁ ማለት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ይቀርጻሉ።

ለምን እንደቆረጥኩት ልንገርዎት። ሃያ ዓመት የሰው አፍ ሳለዝብ ኖሬያለሁ፤ እጄ ከኔ ቀድሞ ለምዶታል። ይህን ስሰማ ሳላስበው አጠፋሁት። ጠፍቶ ሳየው ደግሞ ደስ አለኝ። እርስዎ ሐሙስ ሐሙስ ለአባቴ ፋቲሓ እንደሚቀሩ አውቃለሁ፤ ይህን ካወቁ ይተዋሉ ብዬ ፈራሁ። አባቴን ከእርስዎ ቁጣ የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓርብ ነው የገባኝ። የጠየቁት ይቅርታ ነበር፤ እኔ ግን ለእርስዎ አላደረስኩትም። የዛሬን ያህል አፍሬ አላውቅም።

የፈለጉትን ይበሉኝ፤ ብቻ ይጻፉልኝ።

ናዚህ

*

ደምያት፣ ጁላይ 3 ቀን 2017

ለናዚህ

ያለፈው ዒድ ለልጆችህ የደስታ ይሁንላቸው። ለኔ አልነበረም።

ሰባት ሐሙስ መቃብሩ አልሄድኩም። በዒድ እናትህ መጥታ እጄን ብትጎትተኝ ጉልበቴን አመመኝ አልኳት። አልዋሽህም ናዚህ፤ ወንድሜን ጠልቼው ነበር። ስድሳ ዓመት! በየሳምንቱ እጄን ይዞ ሲኒማ ሲወስደኝ፣ ሰፈሩ "እህቱን እንዴት ቢወዳት ነው" ሲል፣ እኔም በኩራት ሽቅብ ሽቅብ ስል! ለካስ ሰውየው እያንዳንዱን ቅዳሜ ከዚያ በር ፊት እየቆመ ነበር። እህቱ ነበርኩ ወይስ ቅጣቱ? ይህን ማን ይመልስልኛል?

ሐኪሙ በጊዜ ቢመጣስ ጆሮዬ ይተርፍ ነበር? አላህ ያውቃል። የዚያን ጊዜ ሐኪም መድኃኒቱም ያው ነበር። ይህን ለራሴ ስነግረው ሰንብቻለሁ፤ ልቤ ግን አልተመለሰም። ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ምን ዓመት ነው? ያንተ ትልቁ ልጅ አሥራ አንድ አይደለም? ዳቦ ግዛ ተብሎ ተልኮ ኳስ ሲያይ ይውላል ያልከኝ አንተ ነህ። ይህንንም አስቤ ልቤ አልተመለሰም።

የተናደድኩበትን ላውጣው። ያናደደኝ ጥፋቱ ራሱ አይደለም። ለአንድ የመንሱራ እንጨት ነጋዴ ነገረው! ስሙን እንኳ ለማናውቀው ሰው! እኔ ከእሱ ሦስት ሜትር ርቄ ወንበር ስቀባ ኖሬያለሁ። ከንፈር እንደማነብ ያውቃል፤ አንገቱን ደፍቶ የተናገረው እንዳላየው ነው። አንተ ደግሞ በዚያ ላይ ጨመርክበት፤ የአባትህን ይቅርታ ስድስት ወር ኪስህ ውስጥ ይዘህ ዞርክ። ቢያንስ እሱ አፍሮ ነው። አንተ በሰው ነገር ምን አሳፈረህ? አንድ ነገር ቃል ግባልኝ፤ ከእንግዲህ ለኔ ብለህ ምንም እንዳታሳጥር። የሚያመኝን እኔ ልምረጥ።

አሁን አንድ ሥራ ላዝህ ነው። ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ ዝም ብሎ የሚቀርጽበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጽሑፍ አስገባልኝ። ማንም በማይናገርበት አይጻፍም ብለሃል፤ ሕጋችሁን አውቀዋለሁ። ጣሰው። እንዲህ ብለህ ጻፍ፤

"ተውፊቅ፣ ቀና በልና ንገረኝ።"

ስድስት ሰከንድ አቁመው። እኔ እህቱ ለሞተ ሰው የምለው ይህን ነው። ከዚያ ወዲያ ይቅር እንደምለው እንደማልለው አላውቅም።

ወጊዳ

*

አማን፣ ጁላይ 19 ቀን 2017

ለአክስቴ

የጻፉልኝን እጅ አላህ ይባርከው። ቃል ገብቻለሁ።

ያዘዙኝ ተሠርቷል፤ 31:25 ላይ ይወጣል፣ 31:31 ላይ ይጠፋል። በሙያዬ ማንም ሳይናገር የጻፍኩት የመጀመሪያው መስመር ነው። ስሙን አልነኩትም፤ እርስዎ እንዳሉት "ተውፊቅ" ነው።

ናዚህ

*

ደምያት፣ ኦገስት 4 ቀን 2017

ለልጄ ለናዚህ

ሰላም ለቤትህ፣ ሰላም ለእጅህ።

ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ አይቼው መሰለህ? ሃምሳ፣ ስልሳ ጊዜ። ሁልጊዜ ግን ዓይኔ ከስር ነበር። ስታነብ ፊት አታይም፤ ፊት ስታይ ጽሑፉ ያመልጥሃል። ጽሑፉ ባልነበረ ጊዜ ደግሞ ጢሙን ስቆፍር ነበር። ይህቺኛው መስመር ግን የራሴ ናት፣ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ስትወጣ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ፊቱ ላይ ተክዬ ጠበቅሁ።

ጽሑፏ ወጣች። ተውፊቅ ሁለት ጊዜ መሮውን መታ። ከዚያ ቀና አለ።

ኮላውን ፈልጎ ነው፤ አውቃለሁ። ኮላው ካሜራው አጠገብ መደርደሪያ ላይ ነው፤ እጁም ወደዚያው ተዘርግቷል። አላበድኩም። ግን እጁን ዘርግቶ ቆሞ ቀረ፤ ኮላውንም አላነሳ። ቀጥ ብሎ ወደኔ አየ። ናዚህ፣ ዓይኑ እንዴት እንደነበር አይተኸዋል? ስድሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ወንድሜን በዚያ ዓይን አላየሁትም።  ሌላ ቃል አላስፈለገኝም።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ሄድኩ። አንተ የኔን ድምፅ አታውቀውም፤ ልጅ ሳለሁ ስናገር ሰውን ይሰቀጥጠው ስለነበር አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ ተውኩት። መቃብሩ ላይ ጎንበስ ብዬ በእጄ ልነግረው ጀመርኩና አልሆነልኝም፤ እጄን ከየት ያየዋል? እሱ የሚሰማ ሰው ነበር። ስለዚህ በአፌ፣ "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ተውፊቅ!" አልኩት። ምን ያህል ጮኼ እንደሆነ እንጃ፤ ጠባቂው ከነመጥረጊያው ደርቆ ቀረ።

አክስትህ ወጊዳ